በጋራዥ ቆሞ የቀረ መኪና የማን ነው?

በየጋራዡ ግቢ ጥግ ጎማቸው የተነፈሰ፣ መስተዋታቸውን አቧራ የሸፈነው መኪናዎች ቆመው ማየት የተለመደ ነው። ስለ እነርሱ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ባለቤቱ ጥሎት ጠፋ» የሚል ነው። ከዚህም መልስ ሁለት አሳቦች ይወለዳሉ። ባለጋራዡ «ይህን ያህል ዘመን ካስቀመጥኩት እንግዲህ የእኔ ነው» ይላል፤ መኪናውን ያየ ገዥም «ባለቤት ከሌለው ከባለጋራዡ ብገዛው ምን አለበት?» ይላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም አሳቦች በሕግ ፊት የማይጸኑ መሆናቸውን ማስረዳት ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ባለጋራዡን ያለ መፍትሔ አይተወውም፤ ገዥውም ንጹሕ የሆነ የባለቤትነት መብት የሚያገኝበት መንገድ አለ። መንገዱ ግን በባለቤትነት በር ሳይሆን በዕዳ በር የሚያስገባ ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው ገንዘቡን ሊያጣ፣ ከዚያም አልፎ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል።

፩ኛ፤ አለመምጣትና መተው አንድ አይደሉም

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ቁጥር 1151 መሠረት ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ዕቃ የራሱ ለማድረግ አስቦ በእጁ ያደረገ ሰው የዕቃው ባለቤት ይሆናል። በመጀመሪያ ሲያዩት ይህ ደንብ ለጋራዡ መኪና የተጻፈ ይመስላል። ነገር ግን የደንቡ ቁልፍ «ባለቤት የሌለው» የሚለው ቃል ነው።

አንድ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ባለቤት የሌለው የሚሆነው ባለቤቱ ንብረትነቱን የተወ መሆኑን በማያሻማ አኳኋን ሲገልጽ ነው። ዝምታ ብቻውን እንዲህ ያለ መግለጫ ሊሆን አይችልም። መኪናውን ለጥገና ሰጥቶ ያልተመለሰው ሰው ገንዘብ አጥሮት ይሆናል፤ ታሞ ተኝቶ ይሆናል፤ ታስሮ ይሆናል፤ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሄዶ ይሆናል። ሞቶም እንደ ሆነ መኪናው ባለቤት አላጣም፤ ከነዕዳው ወደ ወራሾቹ ተላልፏል። ለሙት ልጆች ከአባታቸው የቀረላቸው ዋና ሀብት ያ በጋራዥ የቆመ መኪና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሕጉ «አልመጣም» ከሚለው ተነሥቶ «ትቶታል» ወደሚለው በቀላሉ አይሻገርም።

ከዚህም በላይ ባለጋራዡ መኪናውን በመንገድ አላገኘውም፤ ከባለቤቱ እጅ በውል ተቀበለው እንጂ። ቁልፉን በተረከበ ጊዜ መኪናውን የሚይዘው ለሌላ ሰው መሆኑን ዐውቆ ነው። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» የሚለው የአገራችን ምሳሌ የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ በአደራ የገባ ነገር በጊዜ ርዝመት መልኩን አይለውጥም።

፪ኛ፤ ስለ አሥር ዓመት የሚነገረው

«ዕቃ አሥር ዓመት ከቆየ የያዘው ሰው ነው» የሚል አነጋገር በብዙ ቦታ ይሰማል። የአነጋገሩ ምንጭ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1192 ሳይሆን አይቀርም። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ዕቃው የት እንዳለ ባለማወቁ ወይም ባለቤት መሆኑን ባለማወቁ ምክንያት በመብቱ አሥር ዓመት ሳይሠራበት ስለ ቀረ ባለቤት ነው። መኪናውን ራሱ ነድቶ ወይም አስጎትቶ ወደ ጋራዥ ያስገባ ሰው መኪናው የት እንዳለ ያውቃል፤ የእርሱ መሆኑንም ያውቃል። ስለዚህ ደንቡ በዚህ ጉዳይ ላይ አይገጥምም።

እንዲያውም የአሥር ዓመት ዝምታ ዋና ተጎጂ ባለጋራዡ ራሱ ሊሆን ይችላል። በቁጥር 1845 መሠረት ሌላ ደንብ ከሌለ በቀር ውልን ለማስፈጸም የሚቀርብ ክስ በአሥር ዓመት ይርጋ ይታገዳል። «መኪናው የእኔ እስኪሆን ልጠብቅ» ብሎ የተቀመጠ ሰው መኪናውንም ሳያገኝ የጥገና ዋጋውን የመጠየቅ መብቱን ያሳልፋል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ መኪናው በቆመ ቁጥር ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው ይሰነጠቃል፣ ቆርቆሮው ይዝጋል። ዕዳው የሚከፈልበት ንብረት በዓይን ፊት እየረከሰ ይሄዳል።

፫ኛ፤ የባለጋራዡ መብትና የመብቱ ወሰን

ባለጋራዡ መብት የለውም ማለት ግን አይደለም። በቁጥር 1757 እንደ ተደነገገው አንድ ተዋዋይ ሌላው ግዴታውን እንዲፈጽምለት ሊጠይቅ የሚችለው የራሱን ግዴታ ፈጽሞ ወይም ለመፈጸም ተዘጋጅቶ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ባለመኪናው የጥገናውን ዋጋ ሳይከፍል «መኪናዬን አምጣ» ቢል ባለጋራዡ «አስቀድመህ ክፈል» ለማለት ይችላል።

ይህ መብት ይዞ የመቆየት መብት ነው። መንዳትን፣ ማከራየትን፣ መሸጥን ወይም ዕቃውን እየፈቱ ለሌላ መኪና መግጠምን አይጨምርም። አንድ ሰው በአደራ የተሰጠውን የሌላ ሰው ንብረት የራሱ ቢያደርግ ወይም ቢሸጥ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቁጥር 675 በእምነት ማጉደል ሊከሰስ ይችላል። «ያልተከፈለኝ ገንዘብ ነበረኝ» የሚለው መልስ ዕዳ መኖሩን ያስረዳል እንጂ መኪናውን ለመሸጥ ፈቃድ አይሆንም።

አንዳንድ ሰዎች ችግሩን በውል ለማቃለል ያስባሉ። መኪናው ሲገባ «በሦስት ወር ውስጥ ካልወሰድኩት የጋራዡ ይሁን» የሚል ወረቀት ያስፈርማሉ። የ1952ቱ ሕግ ስለ መያዣ በሚናገርበት ክፍል በቁጥር 2851 ዕዳ ባለመከፈሉ ብቻ መያዣው በቀጥታ የባለገንዘቡ እንዲሆን የሚደረግን ስምምነት ዋጋ የሌለው አድርጎት ነበር። የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ ሥርዓት በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 እንደገና ተደራጅቷል። የጥንቱ ደንብ ምክንያት ግን ዛሬም ሊታሰብበት ይገባል፤ በአነስተኛ ዕዳ ምክንያት ታላቅ ንብረት ከችግረኛ እጅ እንዳይወጣ ነው።

፬ኛ፤ ሕጋዊው መንገድ

እንግዲህ ዕዳው ሳይከፈልና መኪናው ሳይወሰድ የቀረበት ባለጋራዥ ምን ያድርግ? መንገዱ በቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

ሀ) ማስረጃ መሰብሰብ። መኪናው የገባበት ቀን፣ የታርጋው፣ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር፣ የተሠራው ሥራ፣ የተገዛው መለዋወጫና የተስማሙበት ዋጋ በጽሑፍ መገኘት አለበት። ለማቆሚያ ቦታ ኪራይ ለመጠየቅ የሚያስብም አስቀድሞ የተስማማበት ቢሆን ይበጀዋል።

ለ) ማስጠንቀቂያ መስጠት። በቁጥር 1772 መሠረት ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ መብቱን የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ግዴታውን እንዲፈጽም ሊያስጠነቅቀው ይገባል። ማስጠንቀቂያው ዕዳውን በቁጥር፣ የመክፈያውን ጊዜ በቀን የሚገልጽ ቢሆንና የደረሰበት ማስረጃ ቢያዝ መልካም ነው። ብዙ ነገር በዚሁ ያልቃል፤ ባለመኪናው ወይም ዘመዱ ደብዳቤው ሲደርሰው ይመጣና ይስማማሉ።

ሐ) ክስ ማቅረብ። ማስጠንቀቂያው መልስ ካጣ ባለጋራዡ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ስለ ዕዳው ክስ ያቀርባል። የተከሳሹ አድራሻ ካልታወቀ ፍርድ ቤቱ መጥሪያው በጋዜጣ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል፤ ተከሳሹ ካልቀረበም ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ያልቀረበው በበቂ ምክንያት እንደ ሆነ ፍርዱን ባወቀ በ1 ወር ውስጥ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል። ባለቤቱ ሞቶ እንደ ሆነ ክሱ ወራሾቹን ይመለከታል። ሰውዬው ጠፍቶ ወሬው ከ2 ዓመት በላይ ካልተሰማ ደግሞ ጉዳዩ ያገባኛል የሚል ሁሉ በቁጥር 154 መሠረት የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ፍርድ ቤቱን ሊጠይቅ ይችላል።

መ) በፍርድ አፈጻጸም ማሸጥ። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ መኪናው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተከብሮ፣ ተገምቶ በሐራጅ ይሸጣል። ገዥው መብቱን የሚያገኘው ከዚህ ሐራጅ ነው። ባለጋራዡ ራሱ መጫረት ቢፈልግ አስቀድሞ ለፍርድ ቤቱ አመልክቶ ፈቃድ መጠየቅ ይገባዋል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የጥገናው ዕዳ 40,000 ብር፣ የክሱና የሐራጁ ወጪ 10,000 ብር ነው እንበል። መኪናው በሐራጅ 300,000 ብር ቢያወጣ ለባለጋራዡ ዕዳና ወጪ 50,000 ብር ይነሣል፤ የቀረው 250,000 ብር ግን የባለመኪናው ወይም የወራሾቹ ነው። ባለጋራዡ መኪናውን እንዲሁ ወስዶት ቢሆን ኖሮ ይህ 250,000 ብር ያለ አግባብ በእጁ ይቀር ነበር። የሥርዓቱ ርዝመት አሰልቺ መስሎ ቢታይም የሚጠብቀው ነገር ይህ ነው።

፭ኛ፤ ገዥ ሊመረምረው የሚገባ

መኪና እንደ ጠረጴዛ ወይም እንደ ሬዲዮ በመረከብ ብቻ የሚያልቅ ንብረት አይደለም። መለያው፣ ምርመራውና ምዝገባው በሕግ የሚመራ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ስለዚሁ ደንግጓል። ባለንብረቱን የሚያመለክተው ደብተር ሊብሬ ይባላል። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም መሆኑን እያየ ከባለጋራዥ የገዛ ሰው «በቅን ልቡና ገዛሁ» ብሎ ለመከራከር ይቸገራል። ስሙ ካልተዛወረለትም ዓመታዊ ምርመራ አስደርጎ ቦሎ ለመለጠፍ፣ መኪናውን መልሶ ለመሸጥ ይቸግረዋል። ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ነገር የቆመ ብረት ሆኖ ይቀርበታል።

ስለዚህ ገዥ ከሁሉ በፊት የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክር። ባለቤቱ በሕይወት ካለና ከተገኘ ከሁሉ የሚሻለው ከራሱ ወይም ሕጋዊ ውክልና ከሰጠው ሰው መግዛት፣ የጋራዡንም ዕዳ ከዋጋው ላይ ተቀንሶ ለባለጋራዡ እንዲከፈል በሦስት ወገን መዋዋል ነው። መኪናው በባንክ ዕዳ የተያዘ መሆን አለመሆኑን፣ ከቀረጥ ነጻ የገባ እንደ ሆነም ቀረጡ መከፈል አለመከፈሉን ይጠይቅ። ከሐራጅ የገዛ ደግሞ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝና የሐራጁን ሰነድ ይዞ ስሙን ያዛውር።

፮ኛ፤ የሌላ አገር ልምድ

በዚህ ረገድ የእንግሊዝ አገር ሕግ ያሳለፈው መንገድ ትምህርት ይሰጣል። በጥንቱ የእንግሊዝ የልማድ ሕግ ዕቃ የጠገነ ባለሙያ ዋጋው እስኪከፈለው ድረስ ይዞ የመቆየት መብት ነበረው፤ የመሸጥ መብት ግን አልነበረውም። ባልተወሰዱ ዕቃዎች የተጨናነቁትን ባለሙያዎች ለመርዳት እ.ኤ.አ. በ1952 አንድ ሕግ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ በሌላ ሕግ ተተካ። በዚህ በኋለኛው ሕግ ባለሙያው ዕቃውን ለመሸጥ ያሰበ መሆኑን በአደራ ደብዳቤ ለባለዕቃው ያስታውቃል። ያልተከፈለ ዕዳ ካለም ከማስታወቂያው እስከ ሽያጩ ቢያንስ 3 ወር ይጠብቃል። ከሸጠ በኋላም ዕዳውንና የሽያጩን ወጪ ቀንሶ የቀረውን ለባለዕቃው ያስረክባል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው ሕጉ መንገዱን ቢያሳጥረውም መኪናውን ለባለጋራዡ ያልሰጠው መሆኑን ነው። ያሳጠረው ከማስጠንቀቂያ እስከ ሽያጭ ያለውን ጉዞ ብቻ ነው፤ የተረፈው ገንዘብ እዚያም የባለቤቱ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው በጋራዥ ቆሞ የቀረ መኪና ባለቤት ያጣ ንብረት ሳይሆን ዕዳ የተሸከመ የሰው ንብረት ነው። ባለጋራዡ ሊጠይቅ የሚገባው «መኪናው መቼ የእኔ ይሆናል?» ብሎ ሳይሆን «ገንዘቤን በምን ሥርዓት አገኛለሁ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ሲስተካከል መልሱም ይገኛል።

በእኔ አስተያየት ሁለት ነገሮች ቢደረጉ ጠቃሚ ይሆናሉ። አንደኛ፣ ጋራዦች መኪና ሲረከቡ የባለቤቱን አድራሻ፣ እርሱ ቢታጣ የሚጠራውን ዘመድ፣ የጥገናውን ግምትና የማቆሚያውን ኪራይ የሚገልጽ የመረከቢያ ወረቀት በሁለት ቅጂ የመስጠት ልማድ ቢይዙ ብዙ ክርክር ከመነሣቱ በፊት ይበርዳል። ሁለተኛ፣ የተወሰነ የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ቀላል የሐራጅ ሥርዓትና የተረፈውን ገንዘብ በፍርድ ቤት የማስቀመጥ ግዴታ ያለበት አጭር ደንብ ቢወጣ አነስተኛ ዕዳ ያለበትን ጉዳይ ሁሉ በረጅም ሙግት ከማስኬድ ያድናል። እንዲህ ሲሆን ባለጋራዡ ግቢውን ያስለቅቃል፤ ገዥው ያለ ሥጋት ይነዳል፤ ከሩቅ አገር የተመለሰው ባለመኪናም መኪናውን ባያገኝ የመኪናውን ዋጋ ያገኛል።