የስፖርት መኪና ፍሬን ስለምን ቶሎ ያልቃል?

ስለ ስፖርት መኪና ሲነሣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው፤ ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለውና በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ። ነገር ግን በደኅና ሊቆም የማይችል መኪና ሊሮጥ አይገባውም። ስለዚህ ፍሬን እንዴት እንደሚሠራና ስለምን እንደሚያልቅ ለአንባቢ በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞረው ክብ የብረት ሳህን ዲስክ ይባላል። ይህንንም ሳህን እንደ ጉጠት ከሁለት ወገን አቅፎ የያዘው ካሊፐር ነው። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይት በካሊፐሩ ውስጥ ያሉትን ፒስቶኖች ይገፋል፤ ፒስቶኖቹም የፍሬን ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቁታል። በዚህም ፍትጊያ የመኪናው ሩጫ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ በፊዚክስ እንደተማርነው ኃይል ይለወጣል እንጂ አይጠፋምና።

ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ቆይቶ በፍሬን ቢቆም፣ የሩጫው ኃይል 20 ዲግሪ ሙቀት ያለውን ሰባት ሊትር ያህል ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ በፍሬኑ ላይ ይወርዳል።

ሸራው ከዲስኩ አስቀድሞ እንዲያልቅ ታስቦ የተሠራ ነው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ሸራውን ያያያዘው ሙጫ ይቃጠላል፤ መያዙም ይደክማል። በካሊፐሩም ውስጥ ፒስቶኑን የከበበው ጎሚኒ ይደርቃል፤ አቧራና ዝገት ገብቶ ፒስቶኑ እንዳይመለስ ያደርጋል። ያን ጊዜ ነጂው እግሩን ቢያነሣም ሸራው ዲስኩን መፋቁን አይተውም፤ ስለዚህ አንዱ ሸራ ከሌላው ፈጥኖ ያልቃል። የፍሬን ዘይቱም ከአየር እርጥበት ስለሚስብ እያደር በቀላሉ የሚፈላ ይሆናል። ከፈላም በውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፔዳሉም ያለ ተቃውሞ ወለል ድረስ ይወርዳል።

የፍሬንን ዋጋ ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በለ ማን የተደረገውን የ24 ሰዓት ውድድር ማስታወስ ይበቃል። ያን ጊዜ ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ሙቀትን በውስጡ አፍኖ የሚያስቀር የታምቡር ፍሬን ነበራቸው። የእንግሊዙ ጃጓር ሲ-ታይፕ ግን ነፋስ በቀላሉ የሚያቀዘቅዘው ዲስክ ፍሬን ይዞ ቀረበ። ነጂዎቹ ቶኒ ሮልትና ደንከን ሃሚልተን በሰዓት በአማካይ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው አሸነፉ። ፍሬኑን የሚያምን ነጂ እስከ መታጠፊያው ድረስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ መዝለቅ ይችላልና፣ ድሉ የሞተር ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ ባለ መኪና የሆነ ሁሉ የሸራውን ውፍረት በየጊዜው ያስመርምር፤ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው ያስለውጥ። በዚያውም ጊዜ የሁለቱን ወገን ሸራዎች አስተያይቶ፣ አንዱ ብቻ ሳስቶ ቢገኝ ካሊፐሩን ያስፈትሽ። ሸራ ቢያልቅ በሌላ ይተካል፤ የሰው ሕይወት ግን ምትክ የለውም።