አንዲት መርከብ በስንት ደብተር ትጻፋለች?

ልጆች፣ በትምህርት ቤት ለሒሳብ አንድ ደብተር፣ ለሳይንስ ሌላ፣ ለጂኦግራፊ ደግሞ ሌላ ትይዛላችሁ። ዛሬ የምንማረው ስለ ታይታኒክ መርከብ ነው፤ የእርሷ ታሪክ ግን በአንድ ደብተር ተጽፎ አያልቅም። እስቲ ሁሉንም አውጡ።

ታይታኒክ በዘመኗ ከነበሩት መርከቦች ሁሉ ትልቋ ነበረች፤ ርዝመቷ 269 ሜትር ነው። ካርታ ያላችሁ መንገዷን በጣታችሁ ተከተሉ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2 ቀን 1904 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር፣ ከሳውዝሃምፕተን ወደብ ተነሣች። በፈረንሳይና በአየርላንድ ወደቦች ጎራ ብላ መንገደኞች ከጫነች በኋላ በአትላንቲክ ውቅያኖስ በኩል ወደ ኒውዮርክ አመራች። ያን ጊዜ በአገራችን ዐፄ ምኒልክ በሕይወት ነበሩ። እሑድ ሚያዝያ 6 ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ40 ላይ ከሚንሳፈፍ የበረዶ ግግር ጋር ተጋጨች። (ባሕረ ሐሳብ የጀመራችሁ ልጆች የዚያን ዓመት ፋሲካ አውጡ። መጋቢት 29 ካገኛችሁ ስሌታችሁ ትክክል ነው፤ ያ እሑድ እንግዲህ ዳግም ትንሣኤ ነበረ።)

በረዶ ለምን ይንሳፈፋል? ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ከፈሳሹ ውሃ ጥቂት ይቀልላል። ጥቂት ብቻ ስለሚቀልል ከ10 እጅ 9ኙ ያህል ከውሃ በታች ይሆናል፤ መርከበኛው የሚያየው የቀረውን 1 እጅ ነው። የባሕር ውሃ ደግሞ ጨው ስላለበት በ0 ዲግሪ በረዶ አይሆንም። በዚያች ሌሊት ከ0 በታች 2 ዲግሪ ያህል ደርሶ እንኳ ፈሳሽ ነበር። ባሕር ውስጥ ከወደቁት ብዙዎቹን የገደላቸው ይህ ብርድ ነው።

አሁን ወደ ሒሳብ ደብተራችሁ ኑ፤ ከሁሉ የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው። በመርከቧ 2,200 ያህል ሰዎች ነበሩ። የነፍስ አድን ጀልባዎቹ 20 ሲሆኑ የሚይዙት በጠቅላላ 1,178 ሰው ነበር። ቀንሱት። መርከቧ ገና ከወደብ ስትነሣ ከ1,000 ለሚበልጡ ሰዎች ቦታ አልነበረም! ሕጉስ ምን ይል ነበር? የእንግሊዝ ሕግ የጀልባውን ቁጥር የሚወስነው በመርከቧ ግዝፈት እንጂ በሰዎቹ ብዛት አልነበረም፤ ከ10,000 ቶን በላይ ለሆነች መርከብ 16 ጀልባ ይበቃል ይል ነበር። ታይታኒክ 46,000 ቶን ነበረች።

የዳኑት ግን ከ700 ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። ያለውስ ቦታ ለምን አልሞላም? በመጀመሪያ ብዙዎች መርከቧ ትሰጥማለች ብለው አላመኑም፤ ስለዚህ ጀልባዎቹ ሳይሞሉ ወረዱ። 40 ሰው የምትይዝ አንዲት ጀልባ 12 ሰው ብቻ ይዛ ሄደች።

መርከቧ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20 ላይ ሰጠመች። ካሊፎርኒያን የምትባል መርከብ በቅርብ ነበረች፤ ነገር ግን አንድ የነበረው የቴሌግራፍ ሠራተኛዋ ተኝቶ ስለነበር ጥሪውን አልሰማም። የሰማችው ካርፓቲያ ከሩቅ ገስግሳ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ደረሰች። በ1906 ዓ.ም. መንግሥታት ለንደን ላይ ተሰብስበው በመርከብ ላለ ሰው ሁሉ የጀልባ ቦታ እንዲኖር፣ ቴሌግራፉንም ቀንና ሌሊት የሚጠብቅ እንዲኖር ተስማሙ።

የቤት ሥራ፦ ከትልልቆቹ ጀልባዎች አንዷ 65 ሰው ትይዛለች። ለ2,200 ሰው ስንት እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ያስፈልጉ ነበር? ስታካፍሉ ትርፍ ይመጣባችኋል፤ ትርፉ ሰው ነውና አትተዉት። መልሱን ለሚመጣው እሑድ ይዛችሁ ኑ።