ጉዋሽና የመስቃን አረንጓዴ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ቡታጅራ የደረሰ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው አረንጓዴ ላይ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወደ መስቃን መንደሮች ሲዘልቅ እንሰቱ ከየጓሮው ተነሥቶ ቤቱን ከቦታል፤ ከደጁ ፊት ሰፊው የመንደር መንገድ፣ ጀፎረው፣ ሣር ለብሶ ይዘረጋል፤ በስተምዕራብ የጉራጌ ተራሮች ከነዘቢዳር ቆመዋል። ይህን አገር በቀለም ለመሥራት የተነሣ ሠዓሊ ገና ብሩሹን ሳያነሣ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ሣሩ አረንጓዴ፣ ክረምት ሲሆን ተራራውም አረንጓዴ ነው። አንዱ ከሌላው በምን ይለይ?

የሚለየው በሚያርፍበት ብርሃን መጠን ነው። ብርሃንን በመጠን እየለዩ ለመሥራት ደግሞ ጉዋሽ እጅግ የተመቸ ቀለም ነው። ጨለማውን ከታች አንጥፎ ብርሃኑን ከላይ ማኖር ያስችላል፤ የእንሰት ጓሮም በተፈጥሮው የተሠራው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ከታች ጥላ፣ ከላይ ፀሐይ የመታው ቅጠል።

ከምን ይሠራል?

ጉዋሽ በውኃ የሚበጠበጥ፣ ሲደርቅ የማያብረቀርቅ፣ ከሥሩ ያለውን የሚሸፍን ቀለም ነው። ዋና ዋናዎቹ ነገሮቹ ሦስት ናቸው፦ በደንብ የላመ የቀለም ዱቄት፣ ዱቄቱን ከወረቀቱ ጋር የሚያያይዝ ሙጫና ውኃ። አንዳንድ አምራቾች የመሸፈን ኃይሉን ለማጠንከር ጠመኔ ወይም ሌላ ነጭ ዱቄት ያክሉበታል፤ ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅም ጥቂት ግሊሰሪን ወይም ማር የሚጨምሩ አሉ።

ተራው የውኃ ቀለምም የሚሠራው ከእነዚሁ ነገሮች ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የዱቄቱ ብዛት ነው። የውኃ ቀለም ስስ በመሆኑ ብርሃን አልፎት ነጩን ወረቀት ነክቶ ይመለሳል፤ ስለዚህ በውኃ ቀለም የሚሠራ ሰው ብርሃን የሚያገኘው ወረቀቱን ሳይነካ በመተው ነው። አንዴ ያጨለመውን መልሶ ማብራት ይቸግረዋል። በጉዋሽ ብርሃኑ የሚመለሰው ከላይ ከተቀባው ዱቄት ነው። ወረቀቱ ጥቁር እንኳ ቢሆን በላዩ ነጭ መቀባት ይቻላል፤ የተሳሳተውን መስመር ሸፍኖ እንደገና መሥራትም እንደዚሁ።

ሙጫው የሚገኘው ከግራር ዛፍ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ሰኔጋሊያ ሰኔጋል የሚባለው የግራር ዝርያ ቅርፊቱ ሲቆስል ሙጫ ያነባል፤ ሲደርቅ ይለቀማል። ከዓለም አገሮች ቀዳሚዋ አቅራቢ ሱዳን ናት፤ በኢትዮጵያም በቆላማው ምዕራብና በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ዛፉ ይበቅላል። መስቃን የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ስለሆነች፣ ለጉዋሽ ሙጫ የሚሰጠው ግራር የሚበቅልበት ቆላ ከእሷ በታች በስተምሥራቅ ይገኛል። ከውጭ አገር ታሽጎ የሚመጣው ቀለም ውስጥ ያለው ዋና ነገር ለዚህ አካባቢ ባዕድ አይደለም።

ዘመዶቹ

ውኃና ሙጫ ያለበት፣ ወፍራምና ሸፋኝ ቀለም በብዙ አገሮች የቆየ ነው። የፋርስና የሕንድ ሠዓሊያን የመጽሐፍ ሥዕሎቻቸውን በዚህ ዓይነት ቀለም ሠርተዋል። ጀርመናዊው አልብሬክት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1502 የሣላት ጥንቸል የጸጉሯ ጫፎች በሸፋኝ ቀለም ከላይ የተነኩ ናቸው። ፈረንሳዊው አንሪ ማቲስ በእርጅናው በመቀስ እየቆረጠ ሥዕል የሚሠራባቸውን ወረቀቶች አስቀድሞ በጉዋሽ ያስቀባ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1947 የታተመው «ጃዝ» የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። ጃፓናዊው ካዙዎ ኦጋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ለወጣው «ጎረቤቴ ቶቶሮ» የተሰኘ የካርቱን ፊልም ዛፉን፣ ማሳውንና ሰማዩን የጉዋሽ የቅርብ ዘመድ በሆነው ፖስተር ቀለም ሠርቷል። የገጠር አረንጓዴን በሸፋኝ ቀለም እንዴት እንደሚለያዩት መማር የሚፈልግ ሰው የዚያን ፊልም ዛፎች ልብ ብሎ ይመልከት።

በእኛ አገርም ዘመድ አለው። በብራና ላይ የተሣሉት የግእዝ መጻሕፍት ሥዕሎች በሸፋኝ ቀለም የተሠሩ ናቸው፤ በዐድዋ አቅራቢያ የሚገኙት የአባ ገሪማ ወንጌሎች ብራናቸው ተመርምሮ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተዘጋጀ ታውቋል። ከመስቃን በስተምሥራቅ፣ በዝዋይ ሐይቅ የቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ያለው የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳምም የብራና መጻሕፍትን ጠብቆ ያቆየ ቦታ ነው። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕሎች ብዙውን ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሠርተው ጨርቁ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ሠዓሊው መጀመሪያ መስመሩን ያወጣል፤ ቀጥሎ እያንዳንዱን ልብስና ፊት በደማቅ ቀለም ይሞላል፤ በመጨረሻ በጥቁር መስመር ዓይኑን፣ ጣቱንና የልብሱን እጥፋት ይለያል። ጉዋሽ የሚይዝ የዘመኑ ሠዓሊም አካሄዱ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሁለቱን መንገዶች በአንድ ሰው ሕይወት ማየት ይቻላል። አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊያን ቤተሰብ ተወልደው፣ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ተምረው፣ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

አንድ ገጽ እንሥራ

ለሕፃናት መጽሐፍ የሚሆን ገጽ ታዘዘ እንበል፦ ጠዋት፣ ጀፎረ፣ ዳሩ ላይ የሣር ክዳን ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰት፣ ከሩቅ ተራራ። ሠዓሊው ቀለም ከመክፈቱ በፊት መዳፍ የማታህል ንድፍ በእርሳስ ያወጣል፤ አንድ ሳይሆን ሦስት አራት። በእነዚህ ንድፎች ላይ የሚፈቀዱት ሦስት ደረጃዎች ብቻ ናቸው፦ ጨለማ፣ መካከለኛ፣ ብርሃን። የእንሰቱ ሥር ጨለማ፣ ሣሩና ክዳኑ መካከለኛ፣ ሰማዩና ፀሐይ የመታው ቅጠል ብርሃን። ትንሿ ንድፍ ከክንድ ርቀት ታይታ ቤቱና እንሰቱ ካልተለዩ ትልቁ ሥዕልም አይለያቸውም። ቀለም ሳይለይ ይህን መለማመድ ለሚፈልግ ሰው ከአዲስ አበባ በሚመጣው መንገድ ላይ ከቡታጅራ በስተሰሜን ያለው የጢያ ትክል ድንጋዮች ሥፍራ ታላቅ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት 36 ሐውልቶች 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ ድንጋዩ ግራጫ በመሆኑ በላዩ የተቀረጸው ሰይፍ የሚታየው በብርሃንና በጥላ ብቻ ነው።

የቀኑ ሰዓትም አስቀድሞ ይወሰናል። በመስቃን ፀሐይ ከስምጥ ሸለቆው በኩል ወጥታ በተራሮቹ ጀርባ ትጠልቃለች። ስለዚህ ጠዋት የተራራው ፊት በብርሃን ተሞልቶ ሸንተረሩ አንድ በአንድ ይታያል፤ ወደ ማታ ያው ተራራ አንድ ወጥ ሰማያዊ ጥላ ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ሥዕል የቀላቀለ ሰው ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል።

ቀጥሎ ወረቀት። ውኃ ሲጠጣ የማይጨማደድ፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት ይመረጣል፤ ዳር ዳሩ በማጣበቂያ ጣውላ ላይ ይያዛል። ንድፉ በቀላል እርሳስ ከተላለፈ በኋላ ነጩ ወረቀት በስሱ በቀላ ኦከር ይለበጣል። አረንጓዴ ለበዛበት ሥዕል ይህ መደብ ትልቅ ውለታ ይውላል። በቅጠሎቹ መካከል እዚህም እዚያም ብቅ የሚለው ቀይ አፈር መሰል ቀለም አረንጓዴውን ሕያው ያደርገዋል።

ከዚያ ጨለማው ይገባል። በእንሰቱ ሥርና በቤቱ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ያለው ጥላ በሰፊ ብሩሽ፣ ውኃ በዛ ባለበት ቀለም፣ ያለ ዝርዝር ይሞላል። ሰማያዊው አልትራማሪን ከቢጫና ከጥቂት ቀይ ጋር ሲቀላቀል ጥልቅ አረንጓዴ ይሰጣል። ጥቁርና ቢጫም ተቀላቅለው ለደረቀ ሣር የሚሆን የወይራ አረንጓዴ ይወጣቸዋል። ሁለተኛው ዙር መካከለኛው ነው፤ ሣሩ፣ ክዳኑ፣ ጥላ ያልወደቀበት የቅጠል ጎን። ቀለሙ በዚህ ጊዜ ወፈር ይላል። መጨረሻ ላይ የሚገባው ብርሃን እንደ እርጎ የወፈረ መሆን አለበት፤ አንዴ ተቀብቶ ይተዋል፣ አይታሽም።

የእንሰት ቅጠል ራሱ ሦስት አረንጓዴ አለው። ሰማይን የሚያይ ገጹ ብርሃን መልሶ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ፀሐይ ከጀርባው ገብታ ስታልፈው ቢጫ የሚል ብሩህ አረንጓዴ ይሆናል። ጥላ ውስጥ ያለው ወደ ጥቁር ይጠጋል። በአንዳንዱ ዝርያ የቅጠሉ አከርካሪ ይቀላል፤ ያን ቀይ መስመር በቀጭን ብሩሽ በመጨረሻ መጣል ጠቅላላውን አረንጓዴ ያነቃዋል። ቅጠሉን ነፋስ የተረተረበት ቦታም የሚሠራው በዚሁ ሰዓት ነው፤ የጥላውን ቀለም ወስዶ በብሩሁ ቅጠል ላይ ሰንጠቅ ማድረግ ይበቃል።

ውኃው

በጉዋሽ ሥራ ከሁሉ የሚከብደው የውኃውን ልክ ማወቅ ነው። ሙጫው ከደረቀም በኋላ ውኃ ካገኘ ይሟሟል። በደረቀው ጨለማ ላይ ውኃ የበዛበት ብርሃን ያስቀመጠ ሰው ከሥር ያለውን ያስነሣውና ሁለቱ ተቀላቅለው ይደፈርሳሉ። ውኃ ሲያንስ ደግሞ ብሩሹ ይጎተታል፣ ወፍሮ የተከመረው ቀለምም ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ልምድ ያለው ሠዓሊ ብሩሹን ከውኃ ባወጣ ቁጥር በጨርቅ ይነካዋል፤ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ይይዛል፣ አንዱ ማጠቢያ፣ ሁለተኛው ለንጹሕ ቀለም። ያው መሟሟቱ ግን ጥቅምም አለው። በቤቱ ጣሪያና በሰማዩ መካከል ያለው ጠርዝ ከጠነከረ በእርጥብ ብሩሽ ማለስለስ ይቻላል፤ ሳህን ላይ የደረቀ ቀለምም ውኃ ጠብ ሲደረግበት ይነሣል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚጠይቀው የመድረቅ ለውጥ ነው። ጨለማ ቀለሞች ሲደርቁ ይፈዛሉ፣ ብሩሆቹ ጥቂት ይጨልማሉ። ጨለማው የሚፈዛው በዱቄቱ ቅንጣቶች መካከል የነበረው ውኃ ወጥቶ በቦታው አየር ሲገባ ብርሃን የበለጠ ስለሚበተን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅልቅል በቁራጭ ወረቀት ላይ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ሥዕሉ ይገባል። የሰማዩን ቀለም ደግሞ ከሚያስፈልገው አብልጦ ማዘጋጀት ይገባል፤ ግማሽ ላይ ካለቀ ያንኑ ቀለም ደግሞ ማግኘት አድካሚ ነው። 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ቡታጅራ በበጋው ደረቅ አየር ቀለሙ ሳህኑ ላይ እንዳለ ይደርቃል፤ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ማንጠፍ ይረዳል። በክረምት በአንጻሩ በዙሮቹ መካከል ትዕግሥት ይጠይቃል።

ነጭን ማብዛትም ሥዕሉን ጠመኔ የተነፋበት ያስመስለዋል። አረንጓዴን ለማብራት መጀመሪያ የሚያዘው ቢጫው ነው፤ ነጩ ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ነጥቦች ይቆጠባል።

ከሥዕል ወደ መጽሐፍ

የመጽሐፍና የፖስተር ሠዓሊያን ጉዋሽን የወደዱት ገጹ ስለማያብረቀርቅ ነው። በካሜራም ሆነ በስካነር ሲነሣ ነጸብራቅ አይወጣበትም፤ ሸፋኝ በመሆኑም ወጥ ያለ ገጽታ ይሰጣል፣ በኅትመት ላይ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ዋናው ሥዕል ግን ውኃ ጠላቱ ስለሆነ ክብካቤ ይሻል። ፀሐይ በቀጥታ ከማይመታው ቦታ፣ ከመስታወት ጀርባ ይቀመጣል፤ በመስታወቱና በሥዕሉ መካከልም ወፍራም ካርቶን ገብቶ ክፍተት ይፈጥራል። አንዴ ከደረቀ የማይሟሟ ለሚፈልግ በአክሪሊክ የተሠራ ጉዋሽ አለ፤ እሱ ግን ጠርዝ መልሶ የማለስለስ ዕድል አይሰጥም።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። ነጭ፣ ጥቁር፣ ሎሚ ቢጫ፣ ቀይ፣ አልትራማሪንና ኦከር፤ አንድ ሰፊና አንድ ቀጭን ብሩሽ፤ ነጭ የሸክላ ሳህን። ነጩ ቶሎ ስለሚያልቅ በትልቁ ይገዛ። ለልምምድ የትምህርት ቤት ፖስተር ቀለም ይበቃል።

ይህን ሁሉ መዘርዘሬ የመስቃን ልጅ ፊደል በሚቆጥርበት መጽሐፍ ውስጥ የራሱን ጀፎረ፣ የእናቱን የእንሰት ጓሮ፣ የአያቱን የሣር ክዳን ቤት በሚገባቸው ብርሃን ተሥለው እንዲያገኝ ስለምፈልግ ነው። ያን ገጽ ማንም ከሩቅ መጥቶ በትክክል አይሠራውም። የትኛው ቅጠል ጠዋት እንደሚበራ፣ የትኛው ተራራ ማታ እንደሚጠቁር ዕለት ዕለት የሚያይ ሰው ያስፈልገዋል፤ ቡታጅራ ውስጥ እርሳስ ይዞ የሚውል ወጣት ይህን ትምህርት ግማሹን በዓይኑ ተምሮታል። የቀረውን ግማሽ ከሦስቱ ደረጃዎች ይጀምር፤ ቀለሙን የሚከፍተው ትንሿ ንድፍ ከክንድ ርቀት ስትለይለት ነው።