የአየር መንገደኛና የጊዜ አቆጣጠር

ከቤተሰባችሁ አንድ ሰው ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ሲነሣ ቲኬቱን እንድታነቡለት የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ለእናንተ ለተማሪዎቹ ነው። እናንተም ተመልክታችሁ፣ «በረራው በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ነው» ትላላችሁ። ቤተሰቡ ቃላችሁን አምኖ ጓዙን ያሰናዳል፤ ሸኚውም በዚያው ሰዓት ይሰበሰባል። ንባባችሁ የተሳሳተ ከሆነ ግን መንገደኛው ቦሌ ሲደርስ አይሮፕላኑ ሄዶ ይጠብቀዋል። የተከፈለው ገንዘብ ሊባክን፣ በሄደበት አገር ይጠብቀው የነበረው ሥራ ወይም ትምህርትም ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ የቲኬት አነባበብ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

የስሕተቱ ምንጭ ምንድን ነው? የአየር ቲኬት የሚጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እኛ ግን በወር፣ በሰዓትና በዕለት የራሳችን አቆጣጠር አለን። ሦስቱን በየተራ እንመልከት።

በመጀመሪያ ወሩን እንውሰድ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ነበር። ኤፕሪልን «ሚያዝያ» ብለን መተርጎም ስለ ለመድን ይህ ቀን ሚያዝያ 8 ይመስለናል። ትክክለኛው ግን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ ሚያዝያ 1 የዋለው በማግሥቱ፣ ኤፕሪል 9 ቀን ነበርና። እንግዲህ የወሩን ስም ብቻ ተርጉሞ ሚያዝያ 8 ቀን የመጣ መንገደኛ ቢኖር ኖሮ ስምንት ቀን ዘግይቶ በደረሰ ነበር። ስለሆነም የወሩን ስም አትተርጉሙ፤ ሁለቱንም አቆጣጠር በያዘ የቀን መቁጠሪያ ላይ ቀኑን ፈልጉ።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። በቲኬት ላይ ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ነው። እኛ ግን ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት ጀምረን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት እንቆጥራለን። ለማዛመድ የሚከተለውን ሥርዓት ያዙ። የተጻፈው ሰዓት ከ7 በታች ከሆነ 6 ደምሩ፤ ከ7 ጀምሮ 19 እስኪሞላ ድረስ 6 ቀንሱ፤ ከ19 ጀምሮ ደግሞ 18 ቀንሱ። ለምሳሌ 10፡30 የሚለው ከጠዋቱ 4፡30፣ 22፡40 የሚለው ከምሽቱ 4፡40 ይሆናል።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ዕለቱ ነው። ቲኬቱ «ማክሰኞ 2፡15» ይላል እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8፡15 ነው። ይሁን እንጂ ሌሊቱ የማክሰኞ ሌሊት አይደለም። በቲኬት ላይ ዕለት የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ ይህ ሰዓት እኛ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» የምንለው ነው። ለውጭ አገር በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ስለሚገባ፣ መንገደኛው ሰኞ ከምሽቱ 5፡15 ላይ ከአይሮፕላን ማረፊያው መገኘት አለበት። ማክሰኞ ማታ ጓዙን ይዞ ቢመጣ የሚጠብቀው አይሮፕላን አይኖርም።

መንገደኛው በሰዓቱ ከደረሰ የቀረው ሥራ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። በመጀመሪያ ፓስፖርቱንና ቲኬቱን አሳይቶ ጓዙን ያስመዝናል፤ የመሳፈሪያ ወረቀትም ይቀበላል። ቀጥሎ የኢሚግሬሽንንና የፍተሻን ቦታ ያልፋል። ቢላዋና መቀስ በሚመዘነው ሻንጣ ውስጥ ይሁኑ፤ የስልክ መሙያ ባትሪ ግን በእጅ ቦርሳ መያዝ አለበት። ምንነቱን የማያውቀውን የሰው ዕቃ ደግሞ፣ ዘመድም ቢለምነው፣ ተቀብሎ አይያዝ፤ በሻንጣው ለሚገኘው ነገር ሁሉ ተጠያቂው እርሱ ነውና። በመጨረሻም የመሳፈሪያውን በር ቁጥር ተመልክቶ በዚያው ይጠብቅ። በሩ የሚዘጋው አይሮፕላኑ ከመነሣቱ አስቀድሞ ስለሆነ፣ ሰዓት አለኝ ብሎ መዘናጋት አይገባውም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ቲኬቱ በእጃችሁ በገባ ዕለት ወሩን፣ ሰዓቱንና ዕለቱን በእኛ አቆጣጠር በወረቀት ጽፋችሁ ለመንገደኛው ስጡት። የጻፋችሁትንም ሌላ ሰው እንዲያመሳክርላችሁ አድርጉ።

መልመጃ

1. ቲኬቱ «ዓርብ 0፡50» ቢል በረራው በእኛ አቆጣጠር በየትኛው ሌሊት፣ በስንት ሰዓት ነው?
2. ይህ መንገደኛ ከአይሮፕላን ማረፊያው መድረስ ያለበት መቼ ነው?
3. «በመጀመሪያ»፣ «ቀጥሎ» እና «በመጨረሻም» የሚሉትን ቃላት ተጠቅማችሁ፣ መንገደኛን ስለ መሸኘት አንድ አንቀጽ ጻፉ።