ዝናብ ሲመጣ መብራት ይሄዳል፤ ወጪው ግን ቤት ይቀራል

በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ የመካኒሳ ሰማይ ጠቁሮ ማጉረምረም ሲጀምር፣ እናቶች የሚሮጡት ልብስ ከገመድ ለማውረድ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ሩጫ ወደ ምጣዱ ነው። ሊጡ ኩፍ ብሎ ከሆነ መብራቱ ሳይሄድ የቻሉትን ያህል ጋግረው ማውጣት አለባቸው። ብዙ ጊዜ ግን ነጎድጓዱ ይቀድማቸዋል። አምፖሉ አንድ ሁለቴ ብልጭ ድርግም ይልና ሰፈሩ በሙሉ ይጨልማል። ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራም ዓይን ሳያወጣ ይቀራል።

ይህ ለአንዳንዱ ቤት የአንድ ምሽት መጉላላት ነው። ጋግሮ ለሱቅና ለምግብ ቤት በማስረከብ ለሚተዳደር ቤት ግን የቀን ገቢ ነው። መብራቱ በሰዓታት ውስጥ ካልተመለሰ ደግሞ የቀን ገቢ ብቻ ሳይሆን የጤፉም ዋጋ አብሮ ይሄዳል። ለመሆኑ መብራት በጠፋ ቁጥር አንድ ቤት የሚከፍለው ስንት ነው? የሚቀንስበትስ መንገድ አለ?

ሰማይ የሚሰጠውና የሚነሳው

የነገሩ እንቆቅልሽ ዝናቡ ራሱ ነው። የሀገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል እጅግ አብዛኛው የሚመነጨው ከውሃ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ኃይል ይጠፋል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ግድብ የውሃ መጠን በመቀነሱ 476 ሜጋ ዋት እጥረት መድረሱ ተገልጾ፣ ኃይል በፈረቃ እስከ መታደል ተደርሶ እንደነበር የሚዘነጋ አይደለም። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ክረምቱን ይለምን ነበር።

ክረምቱ ሲመጣ ደግሞ ግድቡ ይሞላል፤ ሽቦው ግን ይበጠሳል። በመካኒሳ በኩል የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ወንዝ እየሞላ ወርዶ የሚገባው ወደ አባ ሳሙኤል ነው። አባ ሳሙኤልም የሀገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። ወንዙ ወደ ማመንጫው በሚፈስበት ሰዓት ከወንዙ ዳር ያሉት ቤቶች በሻማ ሲያመሹ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሆኖም ከጉባ የተነሳው ኃይል ምንም ያህል ቢበዛ፣ መካኒሳ ገብቶ አምፖል የሚያበራው በመጨረሻዋ ምሰሶና በመጨረሻዋ ሽቦ በኩል ነው። የክረምት ችግር የሚፈጠረውም እዚያው ላይ ነው።

ሽቦውና ባህር ዛፉ

ከማከፋፈያ ጣቢያ ተነስቶ ወደ ሰፈር የሚገባው የ15 ሺህ ቮልት መስመር በአብዛኛው የሚሄደው በአየር ላይ ነው። ነፋስ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ይጥልበታል። እርጥብ አፈር የእንጨት ምሰሶ ያዘምማል። መብረቅ በመስመሩ ላይ ሲወርድ መከላከያ ፊውዞች ይቃጠላሉ። ፊውዙ መቃጠሉ ብልሽት ሳይሆን ሥራው ነው፤ እሱ ባይቃጠል የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነውና። ነገር ግን ፊውዝ ራሱን አይቀይርም። ባለሙያ በመኪና መጥቶ ጨለማና ዝናብ ውስጥ ምሰሶ መውጣት ይኖርበታል። በአንድ ማዕበል ብዙ ሰፈር ከጠፋ ደግሞ ወረፋ አለ።

በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በዋና ዋና መንገዶች ዳር የነበሩ ሽቦዎች ወደ መሬት ውስጥ እንዲገቡ መደረጉ ለእነዚያ መንገዶች ትልቅ ነገር ነው። የውስጥ ለውስጥ ሰፈሮች ግን በአመዛኙ ከምሰሶና ከቅርንጫፍ ጋር ናቸው።

የ60 እንጀራ ሂሳብ

ወደ ኪስ እንመለስ። በቀን 60 እንጀራ የሚጋገርበት ቤት እንውሰድ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። በሰዓት 20 እንጀራ ቢወጣ ሥራው 3 ሰዓት ይፈጃል፤ ፍጆታው በግርድፉ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. አዲሱ ታሪፍ ሥራ ላይ እስከዋለበት ድረስ የመኖሪያ ቤት ከፍተኛው እርከን 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። በዚያ ሂሳብ ለ60ው እንጀራ 25 ብር፣ ለአንዱ 41 ሳንቲም ገደማ ይደርሳል።

አሁን መብራቱ ጠፋ እንበልና በጀኔሬተር እንጋግር። ትንሽ የቤንዚን ጀኔሬተር በደህና ቀን ከአንድ ሊትር የሚያወጣው 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ለ10 ኪሎ ዋት ሰዓት 5 ሊትር ያስፈልጋል። በታህሳስ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በወጣው የነዳጅ ዋጋ ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ነበር። 5 ሊትር 507 ብር መሆኑ ነው። ለአንድ እንጀራ የማገዶው ድርሻ ከ41 ሳንቲም ወደ 8 ብር ከ45 ሳንቲም ይወጣል፤ ከ20 እጥፍ በላይ። የኤሌክትሪክ ታሪፉ ከዚያ ወዲህ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ መምጣቱ ልዩነቱን ጥቂት ቢያጠበውም መልኩን አይለውጠውም። በዚያ ላይ ሱቅ በረንዳ ላይ ሲንጫረር የሚሰማው ትንሹ ጀኔሬተር ምጣድ የመሸከም አቅም የለውም። በጀኔሬተር ጋግሮ የሚያተርፍ የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ብልህ ጋጋሪ የምታድነው ኃይሉን ሳይሆን ሊጡን ነው። አብሲት ያልተጣለበት ሊጥ ከላይ ያቀረረው ውሃ እየተደፋ ንጹህ ውሃ ከተጨመረበት ይቆያል። አብሲት ከተጣለበትና ኩፍ ካለ በኋላ ግን ጊዜው በሰዓት የሚቆጠር ነው። ሰማዩ በከፋበት ቀን አብሲቱን ማዘግየት ምንም ወጪ የለውም። ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ቤት ምጣድና ስቶቭ በሚለኩስበት ጊዜ ከመጋገር ይልቅ ሌሊት ተነስቶ መጋገርም ለብዙዎች የተለመደ ነው። እንቅልፍ ያስከፍላል፤ ኃይሉ ግን የተረጋጋ ነው።

የመንገዱ ወዲያና ወዲህ

የአንድ ሰፈር መስመር ሦስት ፌዝ አለው፤ ቤቶችም በሦስቱ ተከፋፍለው ነው የተቀጠሉት። አንዱ ፌዝ ብቻ ሲጠፋ ከመንገዱ ወዲያ በርቶ ከወዲህ ይጨልማል። ይኼኔ የሊጥ ባልዲ ተሸክሞ ጎረቤት ቤት መጋገር በመካኒሳም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር የቆየ ወግ ነው። ቆጣሪው በካርድ የሚሞላ ከሆነ እንግዳዋ ካርድ ታዋጣለች፤ ካልሆነም ትኩስ እንጀራ ትታ ትሄዳለች። ሂሳቡ ሲታይ ከጀኔሬተርም ከከሰልም የሚረክሰው መፍትሔ ይኸው ጉርብትና ነው።

ከዚህ መለስ ያለው ግን አደገኛ ነው። ከጎረቤት ቤት በዝናብ ውስጥ ሽቦ ጎትቶ ማስገባት፣ ወይም ምሰሶ ላይ ወጥቶ ፌዝ ማዛወር ሕይወት ያስከፍላል። አንዱ ፌዝ ላይ ሁሉም ሲያዛውር ደግሞ የተረፈውም ይቃጠላል። መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ ሲታይ የሞተ መስሎ ቢታይም እንኳ ልጆችን አርቆ፣ በ905 ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማሳወቅ ነው።

ሲመጣም ያስፈራል

ብዙ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ የሚቃጠለው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው። የቮልቴጁ ልክ እስኪረጋጋ ይዋዥቃል። በዚያ ላይ በየቤቱ ሳይጠፋ የተረሳው ምጣድ፣ ስቶቭና የውሃ ማሞቂያ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይነሳል። ትራንስፎርመሩ ይህን ሁሉ በአንዴ መሸከም ሲያቅተው የተቀየረው ፊውዝ ዳግም ይቃጠላል። መብራቱ መጥቶ በደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ሲሄድ የምናማርረው ሌላውን ነው፤ ጥፋቱ ግን የሰፈሩም ሊሆን ይችላል። መብራት እንደጠፋ ምጣዱን መንቀል፣ አንድ አምፖል ብቻ ለምልክት መተው፣ ሲመጣም ትንሽ ቆይቶ ተራ በተራ ማብራት ለቤቱም ለሰፈሩም ይበጃል። ስታብላይዘር የቮልቴጅ መዋዠቅን ያርማል እንጂ መብረቅን አያቆምም። ነጎድጓድ ሲጀምር ከሶኬት መንቀል ከሁሉም ይሻላል፤ ዋጋውም ዜሮ ነው።

ብርሃን ርካሽ፣ ሙቀት ውድ

ሱቆች ክረምት ሲገባ ከፊት የሚደረድሩት ሻማ፣ ባትሪና የሚሞላ መብራት ነው። ሸማች ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ቢኖር ብርሃንና ሙቀት የተለያየ ገበያ መሆናቸውን ነው። ባለ 9 ዋት 4 አምፖሎች 5 ሰዓት ቢበሩ 180 ዋት ሰዓት ብቻ ይወስዳሉ። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የመኪና ዓይነት ባትሪ፣ እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙበት 600 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ለሦስት ምሽት ይበቃል። ያንኑ ባትሪ ለምጣድ ቢያውሉት በ10 ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ ለልጆች ጥናትና ለስልክ የሚሆን ኢንቨርተር ወይም ትንሽ ሶላር መግዛት ትርጉም አለው። ለማብሰል ግን ቡታ ጋዝ ወይም ከሰል ነው መጠባበቂያው።

ከሰሉ ሌላ ሂሳብ አለው። የክረምት ብርድ ማንደጃውን ቤት ውስጥ ያስገባል፤ በርና መስኮት ያዘጋል። የከሰል ጭስ መርዝ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ማንደጃ ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ውስጥ ከገባም መስኮት ተከፍቶ፣ ከመተኛት በፊት መውጣት አለበት። ጀኔሬተርም እንዲሁ፤ በረንዳ ሳይሆን ከቤት ራቅ ያለ ቦታ ነው ተራው።

ማቀዝቀዣው ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48፣ ግማሽ የሆነ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። የሚጎዳው ምን ቀረ እያሉ በየሰዓቱ መክፈት ነው። ለሚጾመው ቤት የፍልሰታ ጾም በዚሁ ወር መዋሉ እፎይታ ነው፤ ሥጋና ወተት በሌለበት ሽሮ አይበላሽም። ውሃ በፓምፕ ወደ ፎቅ ለሚወጣላቸው እንደ ጀሞ ያሉ ኮንዶሚኒየሞች ነዋሪዎች ደግሞ መብራት ማለት ውሃም ማለት ነውና ጄሪካኑ ከደመናው በፊት መሞላት ይኖርበታል።

ሂሳቡ ሲጠቃለል

በየቤቱ የሚገዛው ሻማ፣ ስታብላይዘር፣ ከሰልና ባትሪ፣ የተጣለው ሊጥና የተቃጠለው ማቀዝቀዣ ቢደመር በማንም መዝገብ ላይ የማይታይ ግብር ነው። ይህን ግብር ይበልጥ የሚከፍለው ደግሞ ኢንቨርተር መግዛት የማይችለው፣ በእንጀራ የሚተዳደረው ቤት ነው። ዓመት ሙሉ ባይሆንም ከክረምት በፊት በግንቦት የሚቆረጥ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍና የሚተካ የዘመመ ምሰሶ በሐምሌ ከሚቃጠል ፊውዝ እንደሚረክስ ለማወቅ የኢኮኖሚ ትምህርት አያስፈልግም። የሰፈሩ ዕድር በግንቦት ስብሰባው ሽቦ የነኩትን ዛፎችና የዘመሙትን ምሰሶዎች ቆጥሮ በጽሑፍ ለአገልግሎቱ ቢያመለክት፣ ወጪው የአንድ ወረቀት ነው።

እስከዚያው ግን ደመናው ሲጠቁር መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ አብሲቱ ተጥሏል ወይስ አልተጣለም?