ነባሩ የኻርቱም ሙዚቃና አዲሱ ድምፅ

ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ የተቆረቆሩት ሦስቱ ከተሞች፥ ኻርቱም፥ ሰሜን ኻርቱምና ኦምዱርማን፥ በአስተዳደርና በንግድ ስማቸው የታወቀ ነው። ከእነርሱ የወጣው ሙዚቃ ግን ለሹምም ለነጋዴም የሚጠቅም ትምህርት ያለው ሲሆን ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነገር ነው። ትምህርቱም ይህ ነው፤ አዲስ ድምፅ የሚፈጥረው አሮጌውን የናቀ ሳይሆን ጠንቅቆ የተማረ ሰው ነው፤ የተፈጠረውም የሚጸናው ሕግና ገበያ ሲደግፉት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1920ዎቹ ዓመታት በኦምዱርማን ሠርግ ቤቶች የገነነው ዘፈን ሐቂባ የተባለው ነበር። መሪው ሲያዜም ተቀባዮቹ በጭብጨባ ይመልሱለታል፤ ከድምፅና ከከበሮ በቀር ይህን ያህል መሣሪያ አልነበረውም። በ1940 ዓ. ም. የኦምዱርማን ሬዲዮ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ኡድ፥ ቫዮሊንና አኮርድዮን እየተጨመሩ ዘፈኑ ወደ ኦርኬስትራ ተለወጠ። የዜማው መሠረት ግን አምስት ድምፅ ያለው ስልት ሆኖ ቀረ፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ አድማጭ የሱዳንን ዘፈን ሲሰማ እንግዳ የማይሆንበትም ስለዚሁ ነው።

በ1935 ዓ. ም. በኦምዱርማን የተወለዱት ሻርሃቢል አሕመድ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸው። ሐቂባን ተምረዋል፤ ኡድንም ደርድረዋል። በኻርቱም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕልን አጥንተው ለልጆች በሚታተመው «አስሲብያን» በተባለው መጽሔት ሥዕል ይሥሉ ነበር፤ «አጎት ታንጎ» የተባለውን አስቂኝ ሰው የሱዳን ልጆች ያወቁት በእርሳቸው ብዕር ነው። እንግዲህ ቀን በብዕር፥ ማታ በመሣሪያ የሚሠሩ ሰው ነበሩ ማለት ነው።

በ1960 ዓ. ም. አካባቢ እኒህ ሰው ከባልደረቦቻቸው ጋር አዲስ የሙዚቃ ጓድ አቋቁመው በኦምዱርማን ብሔራዊ ቴአትር ሕዝብ ፊት ቀረቡ። ኡድ በነበረበት ቦታ ኤሌክትሪክ ጊታር ገባ፤ ሳክስፎንና የፈረንጅ ከበሮም ተከተሉት። ከአሜሪካ የመጣው ሮክ ኤንድ ሮል፥ ከኮንጎ የመጣው የጊታር ጨዋታ፥ ከሱዳን ዜማ ጋር ተጋብቶ አንድ ሆነ። ሕዝቡ ይህን ሙዚቃ «ጃዝ» ብሎ ሰየመው፤ ይሁን እንጂ የአሜሪካኑ ጃዝ አልነበረም፤ ስሙን ያገኘው ከመሣሪያዎቹ ነው። ሻርሃቢልም ከጊዜ በኋላ «የሱዳን ጃዝ ንጉሥ» ተባሉ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት በእኒህ ሰው ላይ አልደረሰም፤ የቆጡን ሲያወርዱ የብብታቸውን አጥብቀው ይዘው ነበርና።

የሚያስደንቀው ሌላው ነገር ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘኪያ አቡልቃሲም በዚሁ ጓድ ውስጥ ጊታር መምታታቸው ነው። በሱዳን ጊታርን ሙያዋ አድርጋ የያዘች የመጀመሪያይቱ ሴት እርሳቸው መሆናቸው ይነገራል። ሴት በአደባባይ ለመዝፈን እንኳ ብዙ ነቀፋ በሚደርስባት ዘመን ይህን ማድረግ ትንሽ ድፍረት አልነበረም።

ነገር ግን ሙዚቃው እንደ ጀመረ አልቀጠለም። በመስከረም 1983 ዓ. ም. የኒሜሪ መንግሥት የሸሪዓን ሕግ ደነገገ፤ በሰኔ 1989 ዓ. ም. ደግሞ ኦማር አልበሺር በጦር ኃይል ሥልጣን ያዙ። የሌሊት ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ለግብዣና ለሠርግ ሙዚቃ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆነ። በ1994 ዓ. ም. ዘፋኙ ኾጃሊ ዑስማን በኦምዱርማን የሙዚቀኞች ማኅበር ቤት በጩቤ ተወግተው ሞቱ። የሙዚቀኛ ገበያው ሌሊት ነው፤ ሌሊቱ በትእዛዝ ሲዘጋ የሚጎዳው ዘፋኙ ብቻ አይደለም፤ ድንኳን አከራዩ፥ ምግብ አቅራቢውና መሣሪያ ጠጋኙም አብረው ይጎዳሉ። አስተዳዳሪ ትእዛዝ ሲጽፍ ይህን ሁሉ ሊመዝነው ይገባል።

የተሠራው ሥራ ግን አልጠፋም። «አቃሪብ»፥ ማለት «ጊንጦች»፥ የተባለው የኻርቱም ጓድ ከዘፋኙ ሰይፍ አቡበክር ጋር በ1980 ዓ. ም. በኩዌት ያስቀረጸው ሸክላ በ2018 ዓ. ም. በበርሊን እንደ ገና ታተመ። የሻርሃቢልም ዘፈኖች በ2020 ዓ. ም. በዚያው አሳታሚ በኩል ወጡ። አሳታሚው «ሐቢቢ ፋንክ» ትርፉን ከባለ ሥራዎቹ ጋር እኩል እንደሚካፈል ያስታውቃል። አርባ ዓመት ያህል እንደ ተረሳ ዕቃ የተቆጠረው ሸክላ ገዢ ማግኘቱ፥ የዘፈን መብት እንደ መሬትና እንደ መደብር ሁሉ በውልና በመዝገብ ሊጠበቅ የሚገባው ሀብት መሆኑን ያሳያል።

ይህ የአሮጌና የአዲስ ጋብቻ በቀይ ባሕር ዳርም ታይቷል። የቤጃ ተወላጅ የሆነው ኑሪ በፖርት ሱዳን የክራርን ዘመድ ታምቡርን ከኤሌክትሪክ ጊታር አንገት ጋር አጋጥሞ አዲስ መሣሪያ ሠራ። በ2006 ዓ. ም. «ዶርፓ» የተባለውን ጓድ አቋቋመ። ጓዱ ግን ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል አንድም ሸክላ ሳያወጣ ቆይቶ በ2021 ዓ. ም. በኦምዱርማን ድምፁን አስቀረጸ፤ ሸክላውም በ2022 ዓ. ም. ለዓለም ተሸጠ። ቤጃዎች ከግብፅ ወሰን እስከ ኤርትራ ቆላ የተዘረጉ ሕዝብ ስለ ሆኑ ዜማቸው ለዚህ አገር ሰው የጎረቤት ድምፅ ነው።

ቀረጻው በጊዜው መደረጉ ትልቅ ዕድል ሆነ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ዓ. ም. በኻርቱም ጦርነት ተነሣ፤ የኦምዱርማን ሬዲዮ ሕንፃ በታጣቂዎች እጅ ወድቆ የሱዳን ጦር ያስለቀቀው በመጋቢት 2024 ዓ. ም. ነው። ብዙ ሙዚቀኞችም ከከተማው ተሰደዱ። ቤት ቢፈርስ በድንጋይና በኖራ ይታነጻል፤ ያልተቀረጸ ዜማ ግን የሚያውቀው ሽማግሌ በሞተ ጊዜ አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ መዝገብ ቤት ያለው ሹም ሥፍራ ይስጠው፤ ገንዘብ ያለው ነጋዴም ለቀረጻው ይክፈል፤ ነባሮቹ ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ።