ማቆሚያ ያለው ፕላዝማ፦ ሮደልሃይም ውስጥ አማርኛን በቪዲዮ ማስተማር

ሮደልሃይም ፍራንክፈርት ውስጥ፣ ኒዳ ወንዝ ዳር ያለች ሰፈር ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ አንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ ለአስራ አንድ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ሙያዬ ፕሮግራም መጻፍ እንጂ ማስተማር አይደለም። ወላጆች «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ» ብለው ጫኑብኝ። ኮምፒውተር ማወቅ ልጅ ለማስተማር እንደማያበቃ ለመረዳት ሁለት ቅዳሜ በቂ ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት በፊደል ገበታ ገፋነው። ልጆቹ ሀ ሁን ጥንቅቅ አድርገው ያነባሉ። አንድ ቀን የዘጠኝ ዓመቷ ተማሪዬ «ገና» የሚለውን ቃል አነበበች። በዓሉን ማለቷ ይሁን «ገና ነው» የምንለውን፣ ከአፏ መለየት አልተቻለም። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አይጽፍማ! «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። «ዋና» ሲላላ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ዋነኛው። አገር ቤት ያደገ ልጅ ይህን በጆሮው ያውቀዋል፤ የእኛዎቹ ግን ሳምንቱን ሙሉ የሚሰሙት ጀርመንኛ ነው። (ዩኒኮድ በ2005 በወጣው 4.1 እትሙ ፊደል አናት ላይ የሚቀመጥ ባለሁለት ነጥብ የማጥበቂያ ምልክት ጨምሮልናል። ሞከርኩት። አንዱ ፎንት ላይ ነጥቦቹ ቦታቸውን ያዙ፣ ሌላው ላይ ባዶ ሳጥን ሆነው ቁጭ አሉ።)

ስለዚህ ችግሩ የጆሮ ነበር። «ቪዲዮ እናሳያቸው» ሲባል ግን መጀመሪያ የተቃወምኩት እኔ ነኝ። የፕላዝማ ልጅ ነኛ! በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነው ትምህርቱ በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት የጀመረው። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ፣ በእንግሊዝኛ፣ አገሩን ሙሉ በአንድ ሰዓት። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ እኛ ጥያቄውን ጽፈን ሳንጨርስ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። እጅ ብታወጣ ማን ያይሃል? የክፍላችን መምህር እንኳ ግድግዳ ተደግፈው ከእኛው ጋር ያያሉ እንጂ ማስቆም አይችሉም። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያ ትምህርት ሄደ፣ አይመለስም።

የሚገርመው፣ በዚያው የትምህርት ዘመን፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1997 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኤፕሪል 23፣ 2005) ዩቲዩብ ላይ የመጀመሪያው ቪዲዮ ተጫነ። ከመሥራቾቹ አንዱ ጃዌድ ካሪም ሳንዲያጎ ውስጥ ዝሆኖች ፊት ቆሞ የሚያወራበት የ19 ሰከንድ ቪዲዮ ነው። ትምህርት አይደለም፣ ቁም ነገርም የለውም። ግን ማቆሚያና መመለሻ ነበረው። እኛ የተነፈግነው ያችን ቁልፍ ነበር።

ሙከራውን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚለው ጀመርን። ከ1999 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየችውን ቀጭኔ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ትንንሾቹ ወደዷት፤ አስራ ሁለት ዓመት የሞላቸው ግን «ይሄ የሕፃን ነው» ብለው ስልካቸውን አወጡ። ያኔ ነው አንዲት እናት፣ ጎጃም ያሉ እናታቸው እንጀራ ሲጋግሩ የተቀረጸ የአራት ደቂቃ ቪዲዮ ያመጡት።

አራቱን ደቂቃ ለማየት አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረን። ምጣዱን በጎመን ዘር ሲያሹት አቆምን፦ ምንድን ነው? ለምን? አክንባሎው ሲከደን አቆምን። አንዱ ልጅ ሊጡን ለማየት ሦስት ጊዜ አስመለሰን። አያት አክንባሎውን ገለጥ አድርገው «ገና ነው» ሲሉ፣ ያቺው ተማሪዬ «ጋሼ፣ ይሄኛው በዓሉ አይደለም!» ብላ ጮኸች። ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ አድርገን ደገምነው፤ ሁሉም ሰማ።

ቀጥሎ ትልልቆቹ የግርጌ ጽሑፍ እንዲሠሩ አደረግኩ። እየሰሙ መጻፍ ከቃል ጥናት ይበልጣል። ለምትሞክሩት ሁለት ወጥመዶች አሉ። ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ካላስቀመጣችሁት ፊደሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ሁለተኛው ግማሽ ቀን የበላብኝ ነው፦ በኤስአርቲ ፋይል ውስጥ ሰከንዱን ከሺኛው የሚለየው የላቲን ኮማ ነው፤ ልጁ ግን ኪቦርዱን ከአማርኛ ሳይመልስ ሰዓቱን ጽፎ ኖሮ ሁሉም ቦታ «፣» ገብቷል። ለዓይን ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ሶፍትዌሩ ግን ፋይሉን አልቀበልም አለ።

የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። ልጆቹ ለአያት መልስ ቀረጹ፤ እኔም አምሮብኝ ቪዲዮውን ለሁሉም ክፍት አድርጌ ጫንኩት። በሦስተኛው ቀን ከሥሩ በልጅቷ አነጋገር የሚያላግጥ አስተያየት ተጻፈ። እናቷ ደወለችልኝ። «ልጄን ለዓለም ከማሳየትህ በፊት እኔን መጠየቅ አቅቶህ ነው?» መልስ አልነበረኝም። ጀርመን ውስጥ የልጅን ምስል ያለ ወላጅ ፈቃድ ማሰራጨት በሕግ ያስጠይቃል፤ ሕግ ባይኖርስ? ቪዲዮውን ወዲያው አጠፋሁት። ልጅቷ ግን ሁለት ቅዳሜ ቀረች፤ ስትመለስም ካሜራ ፊት አማርኛ አልናገርም አለች።

«ለልጆች የተሠራ» የሚለውን ምልክት አድርጌ ቢሆን ኖሮ የአስተያየት መስጫው ይዘጋ ነበር፤ ዩቲዩብ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ እንዲህ ያደርጋል። ከፍለጋ ውጤት የሚሰውረው «አንሊስትድ» ደግሞ ቁልፍ አይደለም፤ ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ያያል። «ፕራይቬት» ይዘጋል፣ ግን ተመልካቹን በኢሜይል መጋበዝ ይጠይቃል፤ የጎጃሟ አያት ኢሜይል የላቸውም። አሁን የልጆቹን መልስ የትም አንጭነውም፣ ወላጅ በቴሌግራም በቀጥታ ለአያት ይልካል።

ልጅቷ እስካሁን ካሜራ ፊት አልቆመችም። ከኋላ ወንበር ላፕቶፔን ይዛ የግርጌ ጽሑፉን ትሠራለች። ባለፈው ቅዳሜ አንዷን ቃል አራት ጊዜ መልሳ ሰምታ «ጋሼ፣ አያቴ እዚህ ጋ ምን አለች?» አለችኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ የማላውቀው የአገራቸው ቃል ነው። ቪዲዮውን እዚያው ላይ አቁመን አያቷ ጋ ደወልን።